ሙዚየም ለተመደባችሁ ልጆች፣ ከጎጃም የምላችሁ

ሰሞኑን ታሪክና ቅርስ አስተዳደር ተመርቀው ሙዚየም የተመደቡ ልጆች እየደወሉ "እትዬ፣ ቁልፍ ሰጥተውን ቁጭ ብለናል፣ ምንድነው የምንሠራው?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ክፍል ውስጥ የተማርነውና ከፍተው የሚያስረክቡን ክፍል አይገናኙም። እኔ ጎጃም ውስጥ አንድ የከተማ ሙዚየም ላይ ነው የኖርኩት፣ ትልቅ አደለም፣ ሁለት የማሳያ ክፍልና አንድ ስቶር ነው። አዲስ አበባ እንዳለው ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ የለችንም፣ ያለን ጋሻ፣ ጎራዴ፣ ጠመንጃ፣ ነጋሪት፣ ብራና፣ በርኖስ፣ ሞሰብ፣ ከአዊ የመጣ የፈረስ ኮርቻ ምናምን ነው። ስለዚ የምጽፈው ላብራቶሪና ኤሲ ላለው ሰው አደለም፣ ባልዲና አቡጀዲ ላለው ነው።

ሰው ሙዚየም ሲባል የሚታየው ዕቃው ነው። እኔ ስቆይ የገባኝ ግን ዕቃው ብቻውን ጎደሎ መሆኑን ነው፣ ከየት መጣ፣ ማን ሰጠው፣ ሲሰጥ ምን ብሎ ሰጠው የሚለው ካልተጻፈ ምንም አልያዝንም፣ እሱን የሚያውቁት ሰዎች ደሞ አርጅተዋል። ጋሻ ቢሰነጠቅ ጠጋኝ ይገኛል፣ ታሪኩን የሚያውቁት አዛውንት ሲሞቱ ግን ጋሻው ቆዳ ብቻ ሆኖ ነው የሚቀረው። ስለዚ ከሁሉም በፊት መዝገብ፣ ሌላው ሥራ ሁሉ ከሱ ቀጥሎ ይመጣል።

መዝገብ ከማለቴ በፊት ግን ርክክብ። በመጀመሪያው ሳምንት "አንቺ ፈርሚ፣ ቆጠራው ቀስ ብሎ ይደርሳል" ይሏችኋል። አትፈርሙ። ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ተዛውሯል፣ ከሱ በፊት የነበረው ጡረታ ወጥቷል፣ አንዱ ለአንዱ በወረቀት ያስረከበው የለም፣ እና እናንተ ፈርማችሁ ኦዲት መጥቶ "ወረቀቱ ላይ ያለው ጎራዴና መደርደሪያው ላይ ያለው አይገጥምም" ሲል የሚጠየቀው የመጨረሻው ፈራሚ ነው። ኮሚቴ ይቋቋም በሉ፣ ከንብረት ክፍል አንድ ሰው፣ ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ሰው፣ እናንተ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሳችሁ በስልክ ፎቶ እያነሳችሁ ቁጠሩና ቃለ ጉባኤ ይያዝ። የጎደለ ካለ መጉደሉ በዛው ቀን ይጻፍ። መጀመሪያ አካባቢ "ምን ዓይነት ክፉ ሰው ናት" ይሏችኋል፣ ይበሉ፣ ያልፋል።

አሁን መዝገቡ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ንብረት ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል፣ ይሄ ለወንበርና ለወረቀት የተሠራ አሠራር ነው፣ ችግሩ ለቅርስም እሱን ብቻ ይጠቀሙና "አሮጌ ጋሻ፣ ብዛት 3" ብለው ያልፉታል። ከሶስቱ አንዱ በብር የተለበጠ ቢሆንስ? አንድ ሰው የተለበጠውን ወስዶ ከገበያ የገዛውን ተራ ጋሻ ቢያስቀምጥ ቆጠራው ልክ ይመጣል እኮ፣ ሶስት ነው ሶስት ተገኘ። አሮጌ የሚለው ቃል ራሱ ሌላ መዘዝ አለው፣ በዓመቱ መጨረሻ አገልግሎት የማይሰጡ ንብረቶች ይወገዱ ተብሎ ዝርዝር ሲወጣ አሮጌ የተባለ ነገር ሁሉ እዛ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ከተሰበረ ወንበርና ከደረቀ ፎቶ ኮፒ ቀለም ጋር "የተቀደደ ቆዳ፣ 1" የሚል አየሁና ልየው ብዬ ሄድኩ፣ የተጠቀለለ የብራና ክታብ ነበር፣ ዓይኑን ያፈጠጠ መልአክ ተስሎበት፣ የባለቤቱ የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ተጽፎበት። ንብረት ክፍሉ ክፋት ኖሮበት አደለም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቆዳ የሚል ነው፣ ቆዳ ሲቀደድ ደግሞ ይጣላል።

ስለዚ ከሞዴሉ ሌላ የራሳችሁን የቅርስ መዝገብ ክፈቱ። ትልቅ ጠንካራ ደብተር ይበቃል፣ ኤክሴል ላይም ጻፉት ግን ደብተሩን አትተዉ፣ መብራትም ኔትም በሌለበት ወር የሚከፈተው ደብተሩ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቁጥር፣ የአካባቢው መጠሪያ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ልኩ በሴንቲሜትር፣ የተጻፈበት ነገር ካለ ፊደል በፊደል፣ ከሌላው የሚለየው ምልክት፣ ስንጥቅ ይሁን ጥገና ይሁን የጎደለ ፈርጥ፣ ከማን መጣ፣ መቼ፣ ሲሰጥ የተናገረው ቃል በራሱ አነጋገር። ፎቶው ከፊትም ከኋላም ከጎንም፣ አጠገቡ ማስመሪያ ተቀምጦ። ኦብጀክት አይዲ የሚባል ዓለም አቀፍ ፎርም የሚጠይቀውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ ዓላማው ዕቃው ቢሰረቅ ፖሊስና ጉምሩክ የሚያውቁት መረጃ እንዲኖር ነው። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ቤልጅየም ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. የተመለሰው አገር ያወቀው፣ ፎቶውም በሰው እጅ የነበረ መስቀል ስለሆነ ነው፣ የአንድ ገጠር ደብር መስቀል ፎቶ ሳይነሳ ቢጠፋ ግን የእኛ ነው ብሎ በምን ይሟገቱለታል? ቅርስን መመዝገብ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዴታ ነው፣ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትም የተከለከለ ነው፣ አዋጁን አንድ ኮፒ አትማችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ፣ አለቃ ሲከራከራችሁ ማውጣት ነው።

ቁጥሩን ዕቃው ላይ የምትጽፉበት መንገድ ላይ ተጠንቀቁ። ብራና ላይ ለስላሳ እርሳስ ጥግ ላይ በስሱ፣ ልብስ ላይ ቁጥር የተጻፈበት የጥጥ ጥብጣብ በላላ ስፌት፣ ብረትና እንጨት ላይ የሙያው ሰዎች የሚጠቀሙበት ፓራሎይድ የሚባል ሲደርቅ ግልጽ የሚሆን ቅብ አለ፣ እሱ ካልተገኘ በጥጥ ክር ካርድ ማንጠልጠል ይሻላል። የጥፍር ቀለም ቀብተው እላዩ ላይ በእስክሪብቶ የሚጽፉ አይቻለሁ፣ ይበጫል፣ ይላጣል፣ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። ማርከርና ፕላስተር ጭራሽ አይሞከርም።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የማይነግራችሁ ነገር፣ ስጦታና ውሰት። አንድ አባት ጎራዴ ይዘው መጥተው "እንኩ፣ ለትውልድ ይቀመጥ" ብለው ይሄዳሉ፣ ሁሉም ያጨበጭባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ወረቀት ግን የለም። እሳቸው ካረፉ በኋላ ልጆቹ ይመጣሉ፣ አንዱ "አባታችን በውሰት ነው የሰጠው" ይላል፣ አንዱ "ለኔ ነው የተናዘዘልኝ" ይላል፣ እናንተ መሀል ትቆማላችሁ። እኔ አሁን ሁለት ፎርም ነው ያለኝ፣ አንዱ ስጦታ ነው፣ የማይመለስ፣ አንዱ ውሰት ነው፣ እስከ መቼ እንደሆነና ማን መጥቶ መውሰድ እንደሚችል የሚያሳይ። ሰጪው ይፈርማል፣ መጻፍ ካልቻለ ጣቱን ያሳርፋል፣ ከቤተሰቡ ሁለት ምስክር ይፈርማሉ፣ ኮፒው ለቤተሰቡ ይሰጣል። ከተቻለ ትልቁ ልጅ ባለበት ይሁን። ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያ "አላመንሽንም ወይ" ብለው ይከፋቸዋል፣ "ኧረ አባባ፣ እኔ ነገ ብዛወር ለሚመጣው ነው" ስትሏቸው ይገባቸዋል፣ በወረቀት የሚያምን አገር ነው የኛ አገር፣ ስለ መሬት ስንት ተካሶ የለ።

ሲሰጡ የሚነግሯችሁን ታሪክ ግን እንዳለ ጻፉ፣ ማመን ሌላ ነገር ነው። ጎጃም ውስጥ ጋሻ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ጋሻው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነው ይላችኋል። ንጉሡ በ1873 ዓ.ም. ነግሠው በ1893 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ስንት ጋሻ ይዘው ይሆን እላለሁ አንዳንዴ ለራሴ። የሁሉንም እሺ ብላችሁ "የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋሻ" ብላችሁ ከለጠፋችሁ አዋቂ ሰው መጥቶ ያፍርባችኋል፣ ውሸት ነው ካላችሁ ደሞ ቤተሰቡ ይቀየማል። እኔ የምጽፈው "በለጋሹ ቤተሰብ ዘንድ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እንደነበር ይነገራል" ብዬ ነው፣ ይሄ እውነት ነው፣ ይነገራልና።

ይሄን ያጠነከረልኝ አንድ ጠመንጃ ነው። አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር መጥተው "አባቴ ዓድዋ የዘመተበት ነው" ብለው አስረከቡኝ። (ጠመንጃ ሲመጣ በቅድሚያ ጥይት እንደሌለበት የሚያውቅ ሰው ይፈትሸው፣ ፖሊስም በደብዳቤ ይወቀው፣ ይሄን ሳታደርጉ ስቶር እንዳታስገቡ።) ብረቱ ጥላሸት የለበሰ ነው፣ በደረቅ ጨርቅ ቀስ ብዬ አበስኩና ክፍሉን አጨልሜ የስልኬን ባትሪ ከፊት ሳይሆን በጎን አስጠግቼ አበራሁበት፣ እንዲ ሲበራ የተቀረጸ ነገር ጥላ ስለሚሠራ ከፊት የማይታየው ፊደል ይወጣል፣ ድንጋይ ላይም መስቀል ላይም ሞክሩት። ወጣ። 1939 ይላል፣ ከጎኑ በሮማውያን ቁጥር አስራ ሰባት። ዓድዋ በኛ 1888 ነው፣ በፈረንጅ 1896። ሮማኑ ቁጥር ደግሞ ፋሺስቶቹ በፈረንጅ ከ1922 ጀምረው የሚቆጥሩት የራሳቸው ዘመን ነው፣ አስራ ሰባተኛው ዓመት። ጣሊያን የሠራው፣ በኛ 1931 አካባቢ ጎጃም በአርበኛ ስትታመስ የነበረበት ጊዜ ጠመንጃ ነው ማለት ነው። ሽማግሌውን ተሳስተዋል አላልኳቸውም፣ "አባትዎ በጣሊያን ጊዜ ጫካ ነበሩ እንዴ?" ብዬ ጠየቅኩ። እሳቸው ዝም ሲሉ ባለቤታቸው ከኋላ "ኧረ አማቼ ከባንዳ ቀምተው ነው ያመጡት! ዓድዋማ የሳቸው አባት ናቸው፣ እሱ አደባልቆት ነው" አሉ። ባልየው ሳቁ፣ ከዛ ሁለቱ እየተቀባበሉ ማን የት እንደወደቀ፣ የትኛው ጅረት ላይ እንደተቀማ ነገሩኝ፣ ስልኬ እየቀዳ ነበር፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው። ከዛ ጠመንጃ በላይ ያ ድምፅ ነው ዛሬ የሚጠቅመኝ። ቀጂው ክፍት ይሁን፣ የሴቶቹን ወሬ ደሞ አትናቁ፣ ወንዶቹ የጦርነቱን ስም ያውቃሉ፣ ሴቶቹ ዕቃው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሄደ ያውቃሉ።

ቤተክርስቲያን ዕቃ ቤት ጋር የምትሠሩ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ጎጃም ላይ ከሙዚየሞቻችን የበለጠ ቅርስ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ፣ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅ፣ የዘጌዎቹ ገዳማትና እነዚህን የመሳሰሉ ቦታዎች ነው፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉትም የራሳቸውን ሙዚየም ለጎብኚ ከፍተዋል። እዛ ስትሄዱ ባለሙያ ነኝ ብላችሁ አትግቡ፣ ገበዙ ነው ባለቤቱ፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው፣ ከነሱ ብዙ ነው የምትማሩት። መጽሐፉ በማኅደሩ ሆኖ ግድግዳ ላይ ችንካር ላይ መሰቀሉን ኋላ ቀር ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም፣ ከመሬት እርጥበት፣ ከአይጥና ከምስጥ ርቆ አየር እያገኘ ነው እኮ። አንድ ነገር ብቻ፣ የመስቀል ማጽዳት። ለጥምቀት ለንግሥ ሲደርስ ዲያቆናቱ ነሐሱን መስቀል በሎሚና በአመድ ፈትገው ያብረቀርቁታል፣ ያምራል፣ ግን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ብረት እየሄደ ነው። አንድ ደብር ላይ የመስቀሉ እጀታ ላይ የለገሰው ሰው ስም ተጽፎ ነበር፣ ከላይ ያለው ዘለበት ሥር የተሸሸገው ሁለት ፊደል ጥርት ብሎ ይነበባል፣ እጅ የሚደርስበት የቀረው ስም ለስልሶ ጠፍቷል። አትጥረጉ ብሎ ማዘዝ አይሆንም፣ ዕቃው አገልግሎት ላይ ነው፣ የአገልግሎት ዕቃ ደሞ እንዲያበራ ይፈለጋል። እኔ ያልኩት "ለንግሡ አንዱን መርጣችሁ እሱን ጥረጉ፣ ጽሑፍ ያለባቸውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ" ነው፣ መሪጌታው ራሳቸው ስሙ መጥፋቱን ሲያዩ "ይሄማ የነፍስ ዕዳ ነው፣ በጸሎት የሚጠራ ስም ነው" ብለው ትእዛዙን አወጡት። የኔ የጥበቃ ትምህርት ያላሳመነውን እሱ አሳመነው።

እኔ ሴት ነኝ፣ ሴት የማትገባባቸው ገዳማት አሉ፣ ጣና ላይ ክብራን ገብርኤል አንዱ ነው። ይሄን አማርሬ ሳይሆን እንዴት እንደምሠራ ለመንገር ነው የማነሳው። እንዲህ ዓይነት ቦታ ሲኖር ስልክ የሚችል ዲያቆን እፈልግና ጀልባ ማረፊያው ላይ ወይም ከዛፍ ሥር ቁጭ ብለን አሠለጥነዋለሁ፣ ፍላሽ አጥፋ፣ በር አጠገብ በቀን ብርሃን አንሳ፣ ማስመሪያ አስቀምጥ፣ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አትዘርጋው፣ ምራቅ ነክተህ ቅጠል አትግለጥ፣ ጓንት አያስፈልግህም፣ እጅህን ታጥበህ በደንብ አድርቅ። ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጠል፣ ኅዳጉንም፣ የገጹን ዳር ማለት ነው፣ አንሳ፣ ምክንያቱም የጻፈው፣ ያስጻፈው፣ የነገሠው ንጉሥ ስም እዛ ነው የሚገኘው፣ የመሬት ውልና የርስት ክፍፍልም ባዶ ቦታ ላይ ይጻፍ ነበር። ታቦትና ከታቦት ጋር የተያያዘ ነገር አይነሳም፣ አይጠየቅም፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። ግዕዙን የሚያነብላችሁ ደሞ ጎጃም ላይ ሆኖ ጠፋ ማለት አይቻልም፣ ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት አገር ነው፣ የቅኔ መምህር ፈልጉና ቡና አፍልታችሁ አስነብቡ።

ክረምቱ። ሌባ ሌባ ይባላል እንጂ እኔ ካየሁት ጥፋት አብዛኛው ውኃና ነፍሳት ነው። ግንቦት ላይ፣ ሰኔ ሳይገባ፣ ጣሪያ ላይ ሰው አውጡ፣ አሸንዳው ውስጥ ቅጠልና የወፍ ጎጆ አለ፣ ይጠረግ፣ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ካያችሁ እዛ ሥር ያለውን ዕቃ ዛሬውኑ አንሱ። ማንኛውም ነገር መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ጣውላ ወይም ብሎኬት ተነጥፎ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፣ ከውጭ ግድግዳም ፈቀቅ ይበል፣ ጀርባው አየር ያግኝ፣ ምስጥም የጭቃ መንገዱን ሲሠራ የምታዩት ያኔ ነው። ትንሿ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ ውድ አደለችም፣ ግዙ፣ ጠዋትና ማታ ቁጥሩን ጻፉ። ከ65 በመቶ አልፎ ሲሰነብት ሻጋታ ይጀምራል፣ ብራና ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ይነፋል ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቀለሙን የሚያራግፈው መነፋቱና መኮማተሩ ነው። ስለዚ ሐምሌ ላይ "አየር ይግባ" ብላችሁ መስኮት ስትከፍቱ ውጪው ከውስጥ ይብስ እንደሆነ መጀመሪያ ለኩ። የሻገተ ካገኛችሁ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ፣ ለብቻው ለዩት፣ አየር ያለበት ጥላ ቦታ ይድረቅ፣ ከዛ ማስክ አርጋችሁ ደጅ ላይ በለስላሳ ብሩሽ። ፀሐይ ላይ ማስጣት የለም። ብርሃን የጎዳው አይመለስም፣ ለጨርቅና ለብራና የሚመከረው 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፣ የኛ መስኮት ዳር በቀትር ከዚያ ስንትና ስንት እጥፍ ነው። እኛ የታጠበ አቡጀዲ ደርበን መጋረጃ ሰቀልን፣ ጥልፉን ከመስኮቱ ፊት አዞርነው፣ በቃ።

ብል የበላው በርኖስ ካጋጠማችሁ ይሄን ስሙ። ድሮ ናፍታሊን ይበተን ነበር፣ ሽታው ስቶር ውስጥ ለሚውል ሰው ጤና አደለም፣ አሁን አንጠቀምም፣ ቆዳና ሱፍ ላይም ድሮ ዲዲቲ ተነፍቶበት ሊሆን ስለሚችል ጓንትና ማስክ አድርጉ። የሚሠራው ቅዝቃዜ ነው። የሱፍ ወይም የጥጥ ልብሱን ንጹሕ አቡጀዲ አልብሳችሁ በፕላስቲክ ሁለቴ ጠቅልላችሁ አየሩን አስወጥታችሁ በደንብ አሽጉና ፍሪዘር ውስጥ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት፣ ትሉም እንቁላሉም ይሞታል። ስታወጡ ፕላስቲኩን ወዲያው አትክፈቱ፣ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ፣ ካልሆነ ላቡ ልብሱ ላይ ያርፋል። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ሥዕል፣ የዝሆን ጥርስ አይገባም። ፍሪዘር ከየት? በሚለው ላይ እኔ የደረስኩበት መላ ሁዳዴ ነው። ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ፍሪዘሩ ባዶውን ይቆማል፣ ባለቤቱን አናግሬ አስታጥቤ እጠቀማለሁ፣ የመብራት ወጪውን እንችላለን። ለፋሲካ ሥጋ ከመግባቱ በፊት ማውጣት ብቻ እንዳትረሱ። መብራት ከጠፋና ከሟሟ ደግሞ ሁለቱን ሳምንት ከመጀመሪያው ትቆጥራላችሁ፣ ይሄ ያናድዳል፣ ግን ግማሽ ቅዝቃዜ ምንም አይሠራም።

ጎብኚ ላይ ብዙ አልልም፣ ትለምዱታላችሁ። ተማሪ በብዛት ሲመጣ ከፋፍሉ፣ ከመዝገብ ውጪ የሆነ አዲስ የተሠራ ሞሰብና ገንቦ ለመንካት አዘጋጁ፣ የሚነካ ነገር ካገኙ ነጋሪቱን አይደበድቡም። ሁሌ የሚመጣ ጥያቄ ግን አለ፣ "ይሄ ስንት ያወጣል?" የሚል። ዋጋ አትናገሩ። በቀልድም ቢሆን "ሚሊዮን ያወጣል" አትበሉ፣ ሰምቶ የሚሄደው ማን እንደሆነ አታውቁም፣ ቤታቸው ተመሳሳይ ብራና ያላቸውም ሄደው ለደላላ ያወጡታል። እናንተም ብትሆኑ ለራሳችሁ ቅርስ አትግዙ፣ አትሽጡ፣ አታገናኙ፣ ኢኮም የሚባለው የዓለም ሙዚየሞች ምክር ቤት በሥነ ምግባር ደንቡ ላይ በግልጽ ያነሳው ነገር ነው፣ በትንሽ ከተማ ደሞ ስም ከወጣ አይመለስም።

አለቆች ሙዚየም መኖሩ ትዝ የሚላቸው እንግዳ ሲመጣ ነው። "ነገ ጠዋት ከላይ ሰዎች አሉ፣ አሳምሩት" ይባላል፣ ሌሊቱን ወለል በውኃ ይታጠባል፣ እርጥበቱ መስታወት ሳጥን ውስጥ ይገባል። እኔ አሁን "ወለሉ በደረቅ ነው የሚጠረገው" የሚል ወረቀት በር ላይ ለጥፌያለሁ፣ ተቆጥተው ነበር፣ አሁን ለምደውታል። ስቶሩ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ እንዳይሆን ደሞ ቁልፉ ሁለት ይሁን፣ ሁለት ሰው ይያዘው፣ የገባና የወጣ በር ላይ ባለ ደብተር ይፈርም። ባጀት ስትጠይቁ "ለሙዚየሙ ማጠናከሪያ" ብላችሁ አትጻፉ፣ ማንም አያነበውም። የእርጥበት መለኪያ፣ ብሩሽ፣ አቡጀዲ በሜትር፣ የጣሪያ ቆርቆሮ በቁጥር፣ ከሥሩ የሐምሌ የእርጥበት መዝገባችሁን አያይዙ፣ የሻገተ ልብስ ፎቶ ጨምሩበት። ሁሉም አይፈቀድም፣ ቆርቆሮው ግን ይፈቀዳል።

ፀጥታው ሲደፈርስና መንገድ ሲዘጋ ጎብኚ አይመጣም፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ይሄን ሁላችን እናውቀዋለን። ያ ጊዜ ለመዝገብ ነው የዋለልኝ። መጀመሪያ የሚወጡትን ዕቃዎች ዝርዝር ለይታችሁ ጻፉ፣ በየትኛው ሣጥን እንደሚገቡ፣ ማን እንደሚሸከም፣ ይሄን የሚያውቁት ከሁለትና ከሶስት ሰው አይብለጡ። የመዝገቡን ኮፒና ፎቶዎቹን በሁለት ፍላሽ አድርጋችሁ በተለያየ ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከከተማው ውጪ ቢሆን ይመረጣል፣ ፍላሽ ሲቆይ ስለሚበላሽ በየዓመቱ ከፍታችሁ እዩት፣ አዲስ ላይ ገልብጡት። ከዩኒቨርሲቲ ለአፓረንትሺፕ፣ ለሥራ ልምምድ የሚላኩ ተማሪዎች ሲመጡ ቡና አታስፈሏቸው፣ ደብተሩን ሰጥታችሁ ወደ ኤክሴል ያስገቡ፣ ከዛ አንዱ ያስገባውን ሌላው ከዕቃው ጋር ያመሳክር፣ ስህተት የሚወጣው ያኔ ነው፣ ልኬት የተገለበጠ፣ ሁለት ዕቃ አንድ ቁጥር የያዘ፣ ፎቶው የሌላ የሆነ፣ ሁሉም ይወጣል።